አዴ ሳቢሃና አሥራ አንዱ ማስነሻ ፋይሎች

ደረጃ የማይዘል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ያ መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ታውቁታላችሁ። ቅጽ ሲሰጡት ከነግርጌ ማስታወሻው አንብቦ የሚፈርም፣ መድኃኒት ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣውን ወረቀት ዘርግቶ የማያውቀውን ፈረንሳይኛ ጭምር የሚያይ፣ በር ከቆለፈ በኋላ መቆለፉን፣ መቆለፉን ካረጋገጠ በኋላ ደግሞ ቁልፉ የዚያው በር መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው። ወረፋ ላይ ሁልጊዜ ከፊታችሁ ነው የሚቆመው። ከኋላችሁ ቆሞ አያውቅም።

እኛ ዘንድ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት አዴ ሳቢሃ ናቸው። መሥሪያ ቤታችን ጅማ ውስጥ ያለ የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቤተ ሙከራ ነው። ከሰርቦ፣ ከደዶና ከሌላውም አካባቢ የሚመጣ ቡና መጋዘን ከመግባቱ በፊት እኛ ጋ ይመረመራል፤ ከሁሉ አስቀድሞ እርጥበቱ ይለካል። በደንብ ያልደረቀ ቡና ከገባ ይሻግታል፤ አጠገቡ ያለውንም ያሻግታል። እኔ ነቢዩ እባላለሁ። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥቼ በዚያው የቀረሁ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ፤ አዴ ሳቢሃ አለቃዬ ናቸው። «አዴ» በእናት ዕድሜ ላሉ ሴቶች አክብሮት ነው። «ክብርት» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው በሌሉበት።

ሥራ የጀመሩት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት አብሳሎም የሚባል መሐንዲስ የእርጥበት መለኪያውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ሊጽፍ መጣ፤ የፕሮግራሙን ማብራሪያ እንዲተይቡለት አዴ ሳቢሃ ተመደቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ተይቦ ይገላገል ነበር። እሳቸው ግን ያልገባቸውን ነገር መተየብ አይሆንላቸውም። በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ እጃቸውን ከታይፑ ላይ አንሥተው፣ «ማሎ፣ እባክህ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ይሉታል። በሁለት ሳምንት ያልቃል የተባለው ማብራሪያ ሰባት ወር ፈጀ። ሲያልቅ አብሳሎም ከስቶ ወደ ሐዋሳ ሄደ፤ አዴ ሳቢሃ ፕሮግራመር ሆነው ቀሩ።

ጠባያቸውን ለማወቅ ባጃጅ ሲሳፈሩ ማየት ይበቃል። የሚኖሩት ጅሬን፣ ኮረብታው ላይ ነው። ባለባጃጁ ለዓመታት የሚያውቃቸው፣ ቤታቸው በር ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ነው። እሳቸው ግን ከመግባታቸው በፊት፣ «በየት በኩል ነው የምትወስደኝ?» ይሉታል።

«መንገዱ እኮ አንድ ነው፣ አዴ።»

«አውቃለሁ። ንገረኝ።»

ይነግራቸዋል። ይሰማሉ። «ቢስሚላህ» ብለው ይገባሉ።

አንድ ቀን ደግሞ ለሥራ አስኪያጃችን በካርቶን የመጣ አዲስ ወንበር ተገጣጠመ። ገጣጥመው ሲጨርሱ ሠራተኞቹ እጅ ላይ አንዲት ብሎን ተረፈች። ሁሉም ሳቀ፤ ብሎኗ መስኮት ላይ ተቀመጠች፤ ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ስብሰባ ከፈቱ። አዴ ሳቢሃ መመሪያውን ይዘው ገቡና፣ «ይቅርታ፣ ይነሡልኝ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ተነሡ፤ ስብሰባውን ቆመው ጨረሱት። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ብሎን ተፈታና እንደገና ተሠራ። የተረፈችው ብሎን መለዋወጫ መሆኗ መመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፎ ተገኘ። እኛ «አዩ?» ልንል አፋችንን ስንከፍት፣ «አሁን አወቅን» ብለው ብሎኗን በፖስታ አሽገው፣ ስሟን ጽፈው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ።

ስልክ ላይ ግን የባሰ ነው። አንድ ጊዜ ቤተ ሙከራው ውስጥ የውኃ ቧንቧ ፈነዳና ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ። ደብረ ብርሃን ብርዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። በመጨረሻ በዚያው ድምፅ፣ «እኛም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል» አሉኝ።

ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው «ሱታ» ነው፤ በኦሮምኛ «ቀስ» ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ሰላምታ፣ ትእዛዝና ተግሣጽ አድርገው ይጠቀሙበታል። ሁለተኛው «ሠርተን እንያት» ነው። ይህ ሁለተኛው የተወለደው ከማስነሻ ፋይሎቹ ነው፤ ስለ ፋይሎቹ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደግሞ ይቀየሙኛል።

ፕሮግራማችን ፐርል በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ነው። ፐርል ጎበዝ ነው፤ ከእርጥበት መለኪያ ጋር ግን ቋንቋ ለቋንቋ አይግባባም። ስለዚህ ለመለኪያው፣ ለሚዛኑ፣ ለማተሚያውና ለመሳሰለው በሌላ ቋንቋ የተጻፉ አሥራ አንድ ተቀጥላዎች አሉት። ተቀጥላዎቹ ሁልጊዜ አብረውት አይኖሩም፤ ሥራ መሐል ሲፈለጉ ተጠርተው ይመጣሉ። ተቀጥላው ሲጠራ ከየትኛው ረዳት ፕሮግራም ጋር መምጣት እንዳለበት፣ ያ ረዳትም የት እንደሚገኝ የምትናገር አንዲት ትንሽ ፋይል ከጎኑ ትቀመጣለች። ማስነሻ ፋይል እንላታለን። ፕሮግራሙ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ለአሥራ አንዱም በትእዛዝ ትመነጫለች። ረዳት የማያስፈልገው ተቀጥላ ከሆነ የምትመነጨው ፋይል ባዶ ናት። ባዶ ስል አንዲት ፊደል የላትም። አብዛኞቹም ባዶ ናቸው።

አዴ ሳቢሃ ባዶ ፋይሎችን አንድ በአንድ ያመነጫሉ። እያንዳንዷን ከፍተው ያያሉ። ደብተራቸው ላይ «ባዶ» ብለው ቀኑን ይጽፋሉ። «ባዶ እንደምትሆን እያወቅን ለምን እንደክማለን?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ባዶ መሆኗን በምን አወቅክ? ሠርተን እንያት» አሉኝ። ሠራናት። ባዶ ነበረች። ጻፉ። እኔም በልቤ ጡረታቸው ስንት ዓመት እንደቀረው አሰላሁ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ይጀምራል። ባለፈው ኅዳር፣ ቡናው በገፍ በሚመጣበት ሰሞን፣ አሮጌው ኮምፒውተር መንተፋተፍ ጀመረ። አዲስ ተገዛ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የአዴ ሳቢሃ ልጅ ለጢፋ አጋሮ ላይ ልትዳር ነው። እናት ከሠርግ መቅረት አይችሉም፤ ቡናም ሠርግ አይጠብቅም። ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጡና፣ «አሥራ አራት ተራ ነው። ከአንድ ጀምረህ እስከ አሥራ አራት። ሱታ» ብለውኝ ሄዱ።

ጠዋት ስመጣ ግቢው በር ላይ አይሱዙዎች ተሰልፈው ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፋሉ። እስከ ስምንተኛው ተራ በሥርዓት ሠራሁ። ዘጠነኛው፣ «ለያንዳንዱ ተቀጥላ ማስነሻ ፋይል አመንጭ። ባዶ ብትሆንም» ይላል። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ካሉት አሥራ አንድ ፋይሎች አራቱን ከፈትኩ። አራቱም ባዶ። ለራሴ ሳቅኩና ወደ አሥር ተሻገርኩ። ሲያልቅ ሞከርኩት፤ ማተሚያው ወረቀት አተመ። ለኔ ያ በቂ ነበር። አሥራ አራት ተራ በአንድ ሰዓት! አዴ ሳቢሃ ሁለት ቀን ይወስድባቸው የነበረውን! አዲሱ ዘመን መጣ ብዬ በሩን አስከፈትኩ።

የመጀመሪያው መኪና ቡና ተለካ። ማተሚያው የሚያወጣት ብጣሽ ወረቀት ከሁለት አንዱን ነው የምትለው፤ «ይግባ» ወይም «ይመለስ፣ ይድረቅ»። «ይመለስ» አለ። ያለ ወቅቱ የዘነበበት ሳምንት ስለነበር አልገረመኝም። ሁለተኛውም ይመለስ። ሦስተኛውም። አራተኛውም። ገበሬዎቹ እያጉረመረሙ ሄዱ።

አምስተኛዋ ከደዶ የመጡ መሪማ የሚባሉ እናት ነበሩ። ከጎረቤት ጋር ተካፍለው በተከራዩት መኪና ስምንት ጆንያ ጭነው መጥተዋል። «ይመለስ» የሚለውን ወረቀት ሳቀብላቸው አላነበቡትም፤ ከፊቴ አነበቡት። ከጆንያው አንዲት ፍሬ አውጥተው ነከሷት። ቀጭ አለች።

«ኢልማኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ሰማህ? እርጥብ ቡና እንዲህ አይልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማድረቂያ አልጋው ላይ ሳገላብጠው ነው የከረምኩት።»

«ማሽኑ ነው እንዲህ ያለው፣ እናቴ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ከኋላቸው ጥሩምባ ይነፋል። «እኔ ማሽኑ ያለውን ነው የምለው» አልኩ። መሪማ ትንሽ አዩኝ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጆንያዎቻቸውን መልሰው ይዘው ሄዱ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር፤ አልተሳደቡም፣ ያ ነው የከፋው።

ሂንድ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ አለች፤ ቡና ቆልታ የምትቀምሰው እሷ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ በእጇ ፍሬ ይዛ እየበላች ገባች። መኪኖቹ ሁሉ ለምን እንደተመለሱ ስነግራት፣ ለቀልድ በእጇ ያለውን መለኪያው ውስጥ ጨመረችው። ማተሚያው ወረቀቷን አወጣ።

«ነቢዩ።»

«እ?»

«የተቆላ ቡና ነው የጨመርኩት። ይመለስ፣ ይድረቅ ይላል።»

ያን ጊዜ ነው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ያየሁት። አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። የጠዋቱም አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። የሁሉም። መለኪያው ከፕሮግራሙ ጋር ጭራሽ አልተገናኘም፤ ተቀጥላው አልተነሣም። አብሳሎም ሥራ እንዳይቆም ብሎ፣ ተቀጥላው ካልተነሣ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር እንዲደግም አድርጎት ኖሮ፣ ማታ በአሮጌው ኮምፒውተር ተለክቶ ከመዝገቡ ጋር ወደ አዲሱ የተገለበጠውን የአንድ እርጥብ ቡና ቁጥር ቀኑን ሙሉ ሲደግምልኝ ውሏል።

አጋሮ ደወልኩ። ከበሮ ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ አዴ ሳቢሃ።

«ወአለይኩም ሰላም። አዴ፣ መለኪያው…»

«ሱታ። ደህና ዋልክ?»

«ደህና። ግን መለኪያው…»

«ሂንድስ?»

«ደህና ናት፣ የተቆላ ቡና ጨምራ…»

«እናትህስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው?»

የገዛ ልጃቸው ሙሽራ ሆና ተቀምጣለች፤ እሳቸው የእናቴን ጉልበት ይጠይቃሉ። ተሽሏቸዋል አልኩ። መሻሉን በደንብ ከሰሙ በኋላ፣ «ደብተሩን ክፈት። ከአንድ ጀምረህ አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩ። ከያንዳንዱ ተራ በኋላ «ሠራህ?» ይላሉ፤ «ሠራሁ» እላለሁ። ስምንት ላይ ደረስን።

«ዘጠኝ» አሉ።

ከበሮው ይመታል።

«ነቢዩ?»

«ዘለልኩት።»

ቁጣውን ለመቀበል ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመጣም። «ስንት መኪና መለስክ?» አሉ ብቻ።

«አምስት።»

«ስማቸው ተመዝግቧል?»

«አዎ።»

«አልሐምዱሊላህ። አብሽር፣ አይዞህ። አሁን እንሥራት።»

ቀጥታ ወደ መለኪያው ተቀጥላ እንሂድ ብዬ ለመንኩ። «ከአንደኛው» አሉ። አንደኛውን አመነጨሁ፤ ከፈትኩ፤ «ባዶ» አልኩ። «ሁለተኛው» አሉ። ባዶ። ሦስተኛው። ባዶ። ሂንድ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እስትንፋሷን ይዛለች። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት «ሳቢሃ፣ ሙሽሪት ትፈልግሻለች!» ትላለች፤ እሳቸው፣ «መጣሁ በያት፤ ስምንተኛው ላይ ነን» ይላሉ። አሥረኛው ባዶ። አሥራ አንደኛውን፣ የመለኪያውን፣ አመነጨሁና ከፈትኩት።

ሁለት መስመር አለው።

«አነብልዎት?» አልኩ። ሁለት አጭር መስመር ብቻ፤ ከመለኪያው ፋብሪካ የመጣው ረዳት የትኛው እንደሆነና የት ማኅደር ውስጥ እንዳለ የሚናገር። አነበብኩላቸው። በዚያው ቅጽበት አጋሮ ላይ እልልታው ቀለጠ። ለሙሽራዋ ነበር፤ እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት። ሂንድ የቆላችውን መልሳ ለካችው፤ «ይግባ» አለ።

አራቱን ገበሬዎች በስልክ አገኘኋቸው፤ አንዱን እንዲያውም ከከተማ ሳይወጣ ነው ያገኘሁት። የመሪማ ስልክ ግን አይሠራም። በማግስቱ ጠዋት ፒክአፕ ለምኜ ወደ ደዶ ልወጣ ስል አዴ ሳቢሃ እጃቸው በሂና እንዳጌጠ ግቢ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሠርጉስ?»

«ሙሽራዋ አለች። ያገባሁት እኔ አይደለሁም» ብለው ከፊት ገቡ። ሾፌሩን መንገዱን አስነገሩት።

መሪማ ቡናቸውን እንደገና አልጋው ላይ ዘርግተው በእጃቸው ያገላብጣሉ። የደረቀውን ቡና፣ እኔ እርጥብ ነው ስላልኳቸው፣ እንደገና ያደርቃሉ። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከዘነበበት ያኔ በእርግጥም እርጥብ ይሆናል። ሮጬ ይቅርታ ልጠይቅና ጆንያውን ላነሣ ስል አዴ ሳቢሃ ክንዴን ያዙኝ። ሰላምታ ጀመሩ። በኦሮምኛ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና፣ ስለ መሪማ ሟች ባል ጠየቁ። መሪማ መጀመሪያ ባጭሩ ይመልሱ ነበር። ቆይተው ረዘም አደረጉ። ቆይተው እሳቸውም መጠየቅ ጀመሩ፤ ሂናውን አይተው ማን እንደተዳረች ሰሙና መረቁ። እኔ ደመናውን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። ሰላምታው ሲያልቅ የመሪማ ፊት ትናንት ያየሁት ፊት አልነበረም።

«ስሕተቱ የኛ ነው» አሉ አዴ ሳቢሃ ያን ጊዜ። «ቡናዎ ደርቋል። ይቅርታ ልንጠይቅና ልንወስደው ነው የመጣነው።»

መሪማ ወደ እኔ አዩ። «ይሄ ልጅ ጥርሴን አላመነም።»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያጎደልኩትም እኔ ነኝ።»

«አይደሉም» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ነግረውኛል። ቸኩዬ የዘለልኩት እኔ ነኝ። እርስዎንም ማመን ነበረብኝ።»

መሪማ ፈገግ አሉ፤ ባዶ ጆንያ ወረወሩልኝና፣ «እንግዲያው አሁን ቸኩል» አሉኝ። ዝናቡ ሳይደርስ ስምንቱን ጆንያ ሞላን። አዴ ሳቢሃ ግን የያንዳንዱን አፍ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስሩት። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ፒክአፑ ላይ ሲወርዱ ስምንተኛውን ሁለተኛ ቋጠሮ እየቋጠሩ ነበር፤ ሸራ ያለበስነው በላያቸው ላይ ነው ማለት ይቻላል። በጅማ ስንለካው አሥር ነጥብ ስምንት። ይግባ።

ስለ ነገሩ ሪፖርት የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያነበብኩት ከወራት በኋላ ሌላ ፋይል ስፈልግ ነው። «ዘጠነኛው ተራ ምን እንደሚሠራ እንጂ ለምን እንደሚሠራ አይናገርም ነበር። ተስተካክሏል። የጉድለቱ ባለቤት፦ ሳቢሃ» ይላል። የኔ ስም አንድም ቦታ የለም። እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ ፈርመውበታል።

ሐምሌ ላይ የቤታቸውን ደጃፍ ደረጃ ሲወርዱ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ስንጠይቃቸው ሂንድ አላስቻላትምና፣ «አዴ፣ እርስዎ ደረጃ ዘለሉ?» አለቻቸው። «እኔ አልዘለልኩም» አሉ ከነሕመማቸው፤ «ደረጃው ነው የዘለለኝ።»

አሁን ቤታቸው ጅሬን ተኝተዋል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ግዴታዬ ነው እላለሁ ለሰው። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ባጭሩ ስነግራቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ከበሩ አከፋፈት እጀምራለሁ። የትኛው መኪና ቀድሞ እንደመጣ፣ ናሙናው ከየትኛው ጆንያ እንደተቀነሰ፣ መለኪያው ስንት እንዳለ፣ አንዱንም ሳልተው። ዓይናቸውን ከድነው፣ ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ሰው ያዳምጣሉ። «ከዚያስ?» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዓቴን አይ ነበር።

ያለፈው ሐሙስ ዝናብ ነበር፤ ሥራ ቀዝቅዞ የሚወራው ቶሎ አለቀብኝ። «ከዚያስ?» አሉ። መሄድ ነበረብኝ። ተነሥቼ መሄድ ግን አልፈለግኩም።

«ከዚያ» አልኩ፣ «የቢሮውን ትልቁን ፕሪንተር ፈትቼ በብሩሽ አጸዳሁት።»

ፕሪንተሩ ቢሮ ውስጥ የለም። ከተበላሸ ወራት አልፈውታል፤ ለጥገና የላኩት፣ መላኪያውን የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ትራሳቸውን አመቻቹና ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

«በየት በኩል ጀመርክ?» አሉኝ።

«በጀርባው በኩል።»

«ጥሩ አደረግክ» አሉ። «ቀጥል።»